ቀለም ያልሸፈነው ትከሻ

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንደምን ሰነበትክ? ዓይንህስ እንዴት ሆነልህ? አዲሱ መነጽር ተስማማህ ወይስ እንደ ድሮው ግንባርህ ላይ ሰቅለኸው ቤቱን ሙሉ ፍለጋ ታሰማራለህ? የእናቴ ጀርባ እንዴት ነው? አያቴ አሁንም ጆሮዋ አልሰማ ብሏታል ወይስ የማትፈልገውን ብቻ ነው የማትሰማው? የጓሮው በር ማጠፊያስ ተሠራ? እኔ አካሌ ደህና ነው። ሌላውንም ደህና ነኝ እንዳልልህ ውሸት ጠግቤያለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሁሉንም በስልክ ነግሮኛል። ስሜ ሲነሳ ወንበርህን ገፍተህ ትወጣለህ አሉ። ከዚህ መጥቶ የጠየቃችሁ ጨርቅ ነጋዴ «ልጅህ የሐሰት መዝገብ ጽፋ ከሥራ ተባረረች፤ ፖሊስ ጣቢያም ትመላለሳለች» ብሎ አውርቶልሃል። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ እናቴ «ጋደም ብሏል» አለችኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋደም የሚል አባት የለኝም። ከኋላዋ ጉሮሮህን ስትጠራርግ ሰምቼሃለሁ። እንግዲህ ያጠፋው እጄ ነውና እጄ ራሱ ይናገር ብዬ ጻፍኩልህ። ጽሕፈቱን ታውቀዋለህ። በነጠብጣብ የሠራህልኝን ፊደሎች እየተከተልኩ የተማርኩት፣ «ፊደል ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ ግድግዳ አይደገፍም» እያልክ ጆሮዬን የቆነጠጥክበት ያው ያንተው እጅ ነው።

ነጋዴው አልዋሸህም። የሐሰት መዝገብ ጽፌያለሁ። ተባርሬያለሁም። ግን እሱ የሰማው መጨረሻውን ነው። አንተ ከመጀመሪያው ስማኝ፤ ከዚያ በኋላ ብትፈልግ ወንበርህን ገፍተህ ውጣ።

ሆቴላችን ምድር ቤቱ ላይ አንድ ትልቅ አዳራሽ አለው። ቁጥር መተንተን ተምሬ መወልወያ የጨበጥኩበት ቤት ነው፤ ይህን ታውቃለህ፣ አላፈርክብኝምም። ስቀጠር ሰው ያሻው ቦታ ተቀምጦ ያጨስ ነበር። ጭሱ ጣሪያው ሥር እንደ ዳመና ተንጠልጥሎ ይውላል፤ መጋረጃው፣ የወንበሩ ጨርቅ፣ የኛ ፀጉር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሸታል። ካሸሯ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ነበር የምትውለው፤ ደንበኞች «ማን ሞቶብሽ ነው?» ይሏታል። አንድ አሮጌ አስተናጋጅ አለ፤ ትሪውን እንደ ሰልፈኛ ጠመንጃ ስለሚሸከም «ሻለቃ» አልነው እንጂ ወታደር ሆኖ አያውቅም። ሻለቃ ሳይስል አንድ ትእዛዝ ተቀብሎ አይጨርስም ነበር።

ከዚያ ሕጉ ወጣ። በአዳራሽ፣ በምግብ ቤት፣ ሰው በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ማጨስ ተከለከለ። አባዬ፣ ሕጉን ክፉ ነው አልልህም። ወር ሳይሞላ የካሸሯ ዓይን ደረቀ። ሻለቃም ሳል ሳያቋርጠው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ቻለና «ይሄን ያህል ወሬኛ መሆኔን ለካ ሳሉ ነው ደብቆልኝ የኖረው» እያለ አሳቀን። እኔም ቤት ስገባ ልብሴን አውልቄ ከደጅ ማስጣቱን ተውኩ።

ግን ሕጉ አንድ ቀዳዳ ነበረው። በመስታወት የታጠረ፣ የራሱ አየር ማውጫ ያለው ክፍል የሠራ ሆቴል እዚያ ውስጥ ማስጨስ ይችላል። የኛዎቹም የአዳራሹን ጥግ በመስታወት አጠሩት። እኛ ሠራተኞቹ «ሣጥኑ» አልነው። አየር ማውጫው ጭሱን ስቦ የሚተፋው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለው ኮሪደር ላይ ነው፤ እኛ ምሳ የምንበላበት። ስለ ሠራተኛ ደግሞ ሕጉ አንድ መስመር አለው፦ የመጨረሻው አጫሽ ከወጣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሠራተኛ ወደ ክፍሉ አይግባ፤ የገባበትም ሰዓት በመዝገብ ይያዝ። ጥሩ መስመር ነው። የጻፈው ሰው ስለኛ አስቦ ነበር ብዬ አምናለሁ። ተቆጣጣሪያችን ግን የራሱ መስመር ነበረው፦ በየትኛውም መተርኮሻ ውስጥ ከሁለት በላይ የሲጋራ ቁራጭ እንዳይታይ። አጫሾቹ ከጠዋት ጀምሮ እየተፈራረቁ ይገባሉ። ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ማክበር የሚችል ሰው አልተፈጠረም። ስለዚህ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሣጥኑ ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሁለት ቁራጭ ሲሆን ይነሳል፣ ይደፋል፣ ይወለውላል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

መጀመሪያ በሳምንት በሳምንት ተራ ነበረን። የኔ ተራ ሲደርስ በሦስተኛው ቀን ራሴ ለሁለት ሊከፈል ደረሰ፤ የበላሁት ሁሉ አልረጋ አለኝ። ያኔ ነው እትዬ መስታወት የደረሱልኝ። ይህ የእናት የአባት ስማቸው አይደለም፤ ሃያ ዓመት የሆቴሉን መስታወት ሲወለውሉ የወጣላቸው ነው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደረጃ ማጠብ ሞታቸው ነበር። «ልጄ፣ አንቺ ደረጃዬን እጠቢልኝ፣ እኔ ሣጥንሽን ልቀመጥልሽ» አሉኝ። ጭሱስ ስላቸው «የኔ አፍንጫ ከሞተ ቆየ እኮ፤ ለቀብሩም ማንም አልመጣም» ብለው ሳቁ። ተቀያየርን። በሚቀጥለው ሳምንት ነፍሰ ጡሯ አልጋ አንጣፊ ተቀየረች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። ሁለት ወር ሳይሞላ ተራ የሚባል ነገር ቀረ። ሰባት ሴቶች ደረጃቸውን አጠብንላቸው፤ እሳቸው የሰባታችንን ጭስ ተቀመጡልን። ደግ የዋልን መስሎን ነበር። እሳቸውም ደግ የዋልንላቸው መስሏቸው «እጃችሁ ይባረክ» እያሉ ይመርቁን ነበር። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ምርቃት ነው። ሕጉ ከአዳራሹ ጠራርጎ ያስወጣውን ጭስ እኛ አንዲት ሴት ላይ አስቀመጥነው።

አሁን ወደ እጄ ልምጣ። መዝገቡን መሙላት ያለበት ክፍሉን የሚያጸዳው ሰው ነው። እትዬ መስታወት ግን ከፊርማቸው በቀር መጻፍ አይችሉም። ተቆጣጣሪው ጠራኝና «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እጅሽም ያምራል፤ አንድ አንድ ሰዓት እየለየሽ ሙይው» አለኝ። እሳቸው እኮ ከውስጥ አይወጡም ብዬ ብመልስለት «መዝገቡ ሲጋራ ያጨሳል እንዴ? ሙይው አልኩሽ» አለ። ሞላሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ በታጠፉት አንሶላዎች መካከል ተቀምጬ፣ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ። የመጨረሻው አጫሽ የወጣበት ሰዓት፤ እትዬ መስታወት የገቡበት ሰዓት። እሳቸው ፊርማ ቶሎ ስለማይወጣላቸው እንዳይቸኩሉ ብለው ባዶውን መስመር እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ አስቀድመው ይፈርሙልኛል፤ እኔ ከጎኑ ሰዓት እደረድራለሁ።

አባዬ፣ የማፍረው እዚህ ላይ ነው። ዝም ብዬ አልሞላሁትም፤ አሳምሬ ሞላሁት። የፈጠራ ቁጥር የሚታወቀው ሲስተካከል ነው፤ ይህን ከትምህርቴ አውቃለሁ። ስለዚህ አንዱን ቀን ስምንት ሰዓት ከሰባት፣ ሌላውን ስምንት ሰዓት ከሃያ ሦስት አልኩ። ሦስት ብዕር ነበረኝ፤ ሰኞን በሰማያዊው፣ ማክሰኞን በጥቁሩ፣ ረቡዕን ቀለም በሚያቆራርጠው። እውነተኛ ሰው እንደሚሳሳት እያሰብኩ አንዳንዱን ጽፌ እሰርዛለሁ። ተቆጣጣሪው በየገጹ ግርጌ ይፈርማል። መዝገቡን የሚያየው የመንግሥት ኢንስፔክተር በዓመት አንዴ ሲመጣ ገጾቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ የትም ቤት አላየሁም» አለና ማኅተም መታበት። እኔም፣ አልደብቅህም፣ ደስ አለኝ። ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራዬን ያመሰገነልኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ማየት ጀመርን። ሣጥኑ ሦስት ጎኑ መስታወት፣ አንድ ጎኑ ነጭ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ሻይ እንደፈሰሰበት ጨርቅ ወይቦ ነበር፤ በርጩማው ካለበት ጥግ በስተቀር። እትዬ መስታወት ጀርባቸውን የሚያስደግፉበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ሁለት ትከሻ፣ አንገት፣ ሻሽ የታሰረ ራስ። እኛ «ፎቶ ተነስተዋል!» እያልን አሾፍን። እሳቸው ዞር ብለው አይተውት «እሱ ከኔ ወፍሯል» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ልብሳቸው ሰፍቷቸው፣ ዩኒፎርማቸው መስቀያ ላይ ያለ ይመስል ነበር። ሁለት ጊዜ ይስሉና «ሳንባዬ ነው፣ እኔ አልተናገርኩም» ይላሉ፤ እኛም እንስቃለን።

ሥራ አስኪያጁ ምስሉ ደንበኛ ያስደነግጣል ብሎ ሣጥኑን ለአንድ ሳምንት አዘግቶ ግድግዳውን ቀለም አስቀባ። በሩ ላይም «ለእድሳት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ከነቀኑ፣ በፊርማና በማኅተም ተለጠፈ። በዚያው ሳምንት መጀመሪያ እትዬ መስታወት ሐኪም ዘንድ ሄደው እዚያው አልጋ ያዙ። ቅዳሜ ጠዋት ልጠይቃቸው ሄድኩ። አፋቸው ላይ የኦክስጅን መሸፈኛ ነበር። እሱን በጣታቸው ከፍ አድርገው «ልጄ፣ መዝገቡን ሞላሽው? ሰውዬው እንዳይቆጣሽ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉኝም። እያለቀስኩ ተመልሼ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ፤ አዘውኛልና የሳምንቱን ሞላሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሞቱ። በሕይወታቸው አንዲት ሲጋራ ከንፈራቸውን ነክታ አታውቅም። የሐኪሙ ወረቀት ግን ሳንባቸው የረጅም ዘመን አጫሽ ሳንባ ነው የሚመስለው ይላል።

ሴት ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። «እናቴን የገደላት ሥራዋ ነው» ብላ የሠራተኛ ጉዳይ ለሚያይ ቦርድ አመለከተች። የሆቴሉ ነገረ ፈጅ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ አንድ ሰዓት ተጠብቆ። «ሟች ጭስ ያለበት ክፍል ገብተው አያውቁም» አለ። ታዲያ ሳንባቸው እንዴት እንዲህ ሆነ ሲባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐዘንተኛ መስሎ፣ «በድብቅ ያጨሱ ነበር ብለን እንገምታለን» አለ። እኔ የተጠራሁት ለሆቴሉ ምስክር ሆኜ ነው። ጽሑፉ ያንቺ ነው ወይ ተባልኩ፤ አዎ አልኩ። የምትጨምሪው አለ ወይ ተባልኩ። የለኝም አልኩ።

ከቦርዱ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ልጃቸው ክንዴን ያዘችኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። «እህቴ፣ አንቺ አብረሻት ትውዪ ነበር፤ በሞቴ እውነቱን ንገሪኝ፣ እማዬ ታጨስ ነበር እንዴ?» አለችኝ። የገዛ ልጃቸው እናቷን መጠራጠር ጀምራለች፤ ያሳመናት ደግሞ የኔ ጽሕፈት ነው። አያጨሱም ነበር አልኳት። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለችኝ። ክንዴን ለቅቃኝ ሄደች፤ የያዘችኝ ቦታ እስካሁን ይሰማኛል።

እሳቸው ከታመሙ ወዲህ ሣጥኑ እንደገና በተራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የኔ ሆነ። ሌላ የሚቀመጥ ስላልተገኘ ተቆጣጣሪው በርጩማው ላይ አስቀመጠኝ። ጀርባዬን አላስደገፍኩም፤ እንደ ፊደሎችህ ቀጥ ብዬ እውላለሁ። አዲሱ ቀለም መወየብ ጀምሮ ነበር። አሮጌው ቢጫ ከሥር እየሰረሰረ ይወጣል፤ ቀለም ቀቢው «የጭስ እድፍ ካልታጠበ በቀለም አይቀበርም ብያቸው ነበር» አለኝ። ነጩ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። መጀመሪያ ትከሻው ወጣ፤ ከዚያ አንገቱ፤ በሦስተኛው ሳምንት የሻሹ ቋጠሮ ሳይቀር። ጠዋት በሩን ስከፍት ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። እንደምን አደሩ ሳልል ማለፍ አቃተኝ።

አየር ማውጫው ሲነሳ ሁለት ጊዜ ይንኳኳል፤ ልክ እንደ ሳላቸው። እኔም ሳላስበው «ሳንባዎ ነው» እላለሁ፤ አጫሾቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንዱ ሁልጊዜ ጭሱን ወደ ጎን እየተነፈሰ «ይቅርታ፣ እህት» ይለኛል። ጎኑ ግን ግድግዳ ነው፤ ጭሱ ዞሮ ወደኔው ይመጣል። መስታወቱን ስወለውል ጨርቁ ላይ ቡናማ ቅባት ይወጣል፤ ስጨምቀው ደግሞ የሚወርደውን አይቼ ይህን ያህል በአንድ ጠዋት ከሆነ በሦስት ዓመት ስንት ነው እያልኩ ሳላስበው አሰላለሁ። ፀጉሬን ሦስቴ ታጥቤ ትራሴ ይሸታል። እንዲህ ከርሜ አንድ ቀን ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ወደ ግድግዳው ዞርኩና እናገራለሁ አልኳቸው። ለሙት ቃል ከሰጡ በኋላ መመለሻ የለውም።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ማንም አልጠራኝም። ራሴ ሄጄ እጄን አወጣሁ። «መዝገቡ ውሸት ነው፤ የፈጠርኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ብዕሮቹን፣ ቅዳሜዎቹን፣ የተቆጣጣሪውን ቃል፣ በርጩማውን። ነገረ ፈጁ ይደነግጣል ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ፈገግ አለ። «እንግዲያው ሆቴሉ በዚህች ሠራተኛ ተታሏል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብታለች፤ በሐሰተኛ ሰነድም ትከሰሳለች። ራሷ ሐሰተኛ ነኝ ያለች ሰው ቃሏ ለማንም አይጠቅምም» አለ። ተቆጣጣሪው ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ የተማረች ናት ብዬ አምኛት ነው የፈረምኩት» አለ። ስዋሽላቸው ምስጉን ሠራተኛ ነበርኩ፤ አንድ ቀን እውነት ብናገር ወንጀለኛ ሆንኩ።

የቦርዱ ሰብሳቢ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ሰዓቱ ውሸት መሆኑን ካንቺ ቃል በቀር ምን ያሳያል?» አሉኝ። ምንም አልነበረኝም። በጣም አሳምሬው ነበር። መዝገቡን ስጡኝ አልኩና ገጽ በገጽ የራሴን ስህተት መፈለግ ጀመርኩ፤ አንተ ደብተራችንን መልሰህ «ስህተታችሁን ራሳችሁ አግኙት» ትለን እንደነበረው። ተቆጣጣሪው ያፏጫል። ከዚያ ያ ሳምንት ላይ ደረስኩ፤ ሣጥኑ ቀለም የተቀባበት። ውስጡ መሰላልና ርጥብ ቀለም ብቻ የነበረበት። ከሐኪም ቤት ስመለስ እያለቀስኩ የሞላሁት። ሰኞ፣ የመጨረሻው አጫሽ የወጣው ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አንድ፤ እትዬ መስታወት የገቡት አሥር ሰዓት ከአሥራ አራት። በተዘጋ ክፍል! እሳቸው ኦክስጅን ላይ ሳሉ! አስቀድመው የፈረሙልኝ ፊርማ ከጎኑ አለ። ከግርጌው የተቆጣጣሪው ፊርማ አለ፤ አምስቱንም ቀን አይቻለሁ ብሎ። አባዬ፣ «መዝገቡን ሞላሽው?» ያሉኝ ለኔ ተጨንቀው ነበር፤ ግን ያቺን አንዲት ስህተት እንድሠራ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

ነገረ ፈጁ «ክፍሉ ተዘግቶ አያውቅም፤ ይህም ፈጠራዋ ነው» አለ። ያኔ ከኋላ ወንበር ጉሮሮውን የሚጠራርግ ሰው ሰማሁ። ሻለቃ ነበር። ትሪ የያዘ ይመስል ክንዱን አጥፎ ወደ ፊት ሄደ፤ የደንበኛ ትእዛዝ የሚጽፍበትን ደብተር ከኪሱ አወጣ። ሻለቃ ወረቀት መጣል አይሆንለትም፤ ከበር የሚነሳ ማስታወቂያ ሁሉ እያጣጠፈ ለደብተሩ መደገፊያ ያደርገዋል፤ «ቆሻሻ ጠባቂው» እያልን ስናሾፍበት ኖረናል። «ለእድሳት ዝግ ነው» የሚለው ወረቀት እዚያ ነበር፤ ከነቀኑ፣ ከነፊርማው፣ ከነማኅተሙ፤ ጀርባው ላይ «ሁለት ሻይ፣ አንድ ለስላሳ» ተጽፎበት። ሰብሳቢዋ ፊት አኖረውና «ከእንግዲህ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ፤ የኔን ሳል ተቀብለው የሄዱት እሳቸው ናቸው» አለ። ይህን ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሰብሳቢዋ ክፍሉን በዓይናችን እንየው አሉ። በማግስቱ ጠዋት ሄድን። ሆቴሉ ሽቶ አስነፍቶ፣ መተርኮሻዎቹን ሰብስቦ ጠበቀን። ጥበቃው እኔን ከበር ሊመልሰኝ ሲል ሰብሳቢዋ «ከኛ ጋር ናት» አሉት። ነገረ ፈጁ ግድግዳውን አየና «ቧንቧ አፍስሶ ነው» አለ። የእትዬ መስታወት ልጅ እስከዚያ ቀን ሣጥኑን አይታው አታውቅም። በርጩማው ጥጉ ላይ ነበር። ማንም ሳይነግራት ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀርባዋን አስደገፈች። ትከሻዋ ትከሻው ላይ ገጠመ። አንገቷም፣ ሻሿም። ነጩ በሙሉ ከኋላዋ ጠፋ፤ በዙሪያዋ ቢጫው ብቻ ቀረ። ዓይኗን ጨፈነች። ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን ከደኑት። የአንዱ እጅ ማብሪያውን ነክቶት ይሁን አላውቅም፣ አየር ማውጫው ተነሳና ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። መጀመሪያ የወጣው ተቆጣጣሪው ነው።

ውሳኔው ትናንት ተነበበ። «ሟች አጫሽ አልነበሩም፤ ሕመማቸው ከሥራቸው የመጣ ነው» ይላል። ልጃቸው ያንኑ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ እንዳነብላት ለመነችኝ። ይቅር አለችኝ አልልህም፤ ግን በሦስተኛው ላይ ክንዴን እንደገና ያዘችኝ። ሣጥኑ ታሽጓል። በሌሎች ሆቴሎች ግን ሌሎች ሣጥኖች አሉ፤ መዝገባቸውም ንጹሕ ነው። በመንገድ ሳልፍ መስታወት ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው ጥጉን ነው።

እኔ ሐሙስ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቤ ቃሌን እሰጣለሁ። አልክድም። ያዘዘኝና የፈረመልኝም አብሮኝ እንዲቀርብ በራሴ እጅ ማመልከቻ ጽፌ አስገብቻለሁ። ብቻዬን አጥፊ አድርገው ሊያስቀምጡኝ ነው የሚፈልጉት፤ የሁሉን ጭስ አንድ በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ለምደዋል። እኔ አልቀመጥላቸውም።

አባዬ፣ ልጆች ሳለን አንተ ሲጋራህን ይዘህ ወደ ውጭ ትወጣ ነበር። ሲዘንብ እንኳ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ግማሽ ትከሻህ እየረጠበ ትቆማለህ። እናቴ «ግባ እንጂ፣ ቤቱ ያንተ አይደል?» ስትልህ «ቤቱማ የሁላችን ነው፤ ጭሱ ነው የኔ» ትላት ነበር። እንስቅብህ ነበር። ያኔ ሕግ አልወጣብህም፤ ኢንስፔክተር አልመጣብህም፤ የምትፈርምበት መዝገብም አልነበረህም። ሣጥኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስውል ያ የረጠበ ትከሻህ ከዓይኔ አልጠፋም። ስሜ ሲነሳ ትወጣለህ ሲሉኝ መጀመሪያ አንጀቴ ነደደ። በኋላ ግን አንተ እኛን የሚጎዳውን ነገር ይዘህ የምትወጣ ሰው መሆንህ ትዝ አለኝ። ቁጣህን ይዘህ ከሆነ የወጣኸው፣ በቃ ግባ። ልትቆጣኝም ከሆነ በጽሕፈትህ ተቆጣኝ፤ እኔ አነበዋለሁ።

እናቴን ጉንጯን ሳምልኝ፤ «ጋደም ብሏል» ያለችው ውሸት ከኔ ውሸት ጎን ሲቆም ምንም አይደለምና ይቅር ብያታለሁ በላት። አያቴን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ደብዳቤውን ጮክ ብለህ አንብብላት፣ ይህንን እንደምትሰማ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜን፣ ወሬኛ በመሆኑ አመሰግነዋለሁ። እህቴንና ገና ያላየሁትን ሕፃኗን በዓይኔ ውስጥ ናችሁ በልልኝ። ጨርቅ ነጋዴው ሲመጣም ሰላም በለውና የጎደለውን ሞልተህ ላከው።

ግድግዳ ሳልደገፍ የጻፍኩልህ፣
ልጅህ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ማክሰኞ ጠዋት
ኅዳር 16 ቀን